ደላላውና የሕመሙ ቁጥር

ሠላሳ ዓመት ቤት ሲያሻሽጥ የኖረ ደላላ እውነተኛ ዋጋ በቀላሉ ከአፉ አይወጣም። የእኛ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ዕድሜውን ቢጠይቁት እንኳ መጀመሪያ የሚነግርዎ ለድርድር የሚሆነውን ነው። ሚስቱ ችላው የኖረችው በእግዜር ፀጋ ነው።

የሐሞት ከረጢቱን በኦፕራሲዮን ባወጡለት ማግስት ጠዋት ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆመች።

"አባባ፣ ከዜሮ እስከ አስር ሕመምዎ ስንት ነው?"

ደላላው አንሶላውን ጨምድዶ ይዟል፤ ግንባሩ በላብ ረጥቧል።

"ሁለት" አለ።

ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባው እግሩ ተሰብሮ በተኛ ጊዜ የሰጡት ጠንካራ ማስታገሻ ሱስ ሆኖበት፣ እግሩ ድኖ ሰውዬው ሳይድን ቀርቷል። ደላላው ሆስፒታል ውስጥ ያለው የሕመም መድኃኒት ያ ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ ነርሷ ያመጣችለትን ክኒን የዋጠ መስሎ ትራሱ ሥር ይሸሽጋል። ሆዱ እየተቃጠለ ፈገግ ይላል፤ ገበያ ላይ የቸገረው የመሰለ ሰው የሰጡትን ነዋ የሚቀበል!

ረፋዱ ላይ ሐኪሟ ከነርሷ ጋር መጣች። "እስቲ ይሳሉ" አለችው።

ሞከረ፤ ድምፁ እንደ ጫጩት ሲጥ አለ።

"እንዲህማ አይሆንም። በደንብ ካልተነፈሱና ካልሳሉ የሳንባ ምች ይይዝዎታል። ሁለት ነው ያሉት ሕመም ሳል ይከለክላል እንዴ?"

አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ደገፍ ላድርገው ብላ ትራሱን ብታነሳ አራት ክኒኖች ዱብ ዱብ አሉ።

"አንተ ሰውዬ! ዘር ልትዘራ ነው?"

ደላላው አንገቱን ደፍቶ የባልደረባውን ታሪክ ተናገረ። ሐኪሟ አልሳቀችበትም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ይሄ ፓራሲታሞል ነው፣ ይሄኛው አይቡፕሮፌን። ሱስ አያሲዙም። ጨጓራዎም ኩላሊትዎም ደህና መሆኑን አይተን ነው ያዘዝነው። ኦፕራሲዮኑ ላይ ቁስሉን በመርፌ አደንዝዘነው ነበር፤ እሱ አሁን ለቋል። እነዚህን ሕመሙ ሳይበረታ በሰዓታቸው ቢውጡ ኖሮ ይሄኔ ኮሪደሩ ላይ ይንሸራሸሩ ነበር። ያንን የሚፈሩትን ደግሞ ሳናማክርዎ አንሰጥም።"

ደላላው በራሱ በገነ። አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን በከንቱ ተሰቃይቷል፤ ያውም ከማንም ጋር ሳይሆን ከገዛ ሆዱ ጋር ሲከራከር!

"እሺ አባባ፣ አሁንስ ስንት ነው?" አለች ነርሷ።

አፉ እንደ ልማዱ "ሦ..." ብሎ ጀመረ። መልሶ ዋጠው።

"ስምንት" አለ። "ስምንት ነው፣ ልጄ። ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ።"

ሚስቱ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጮኸች። "ወይኔ ጉዴ! ሊሞትብኝ ነው!"

"ኧረ እማማ፣ ምን ሆኑ?" አለች ነርሷ።

"ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እውነቱን እንዲህ ባንዴ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም! ኑዛዜ ነው ይሄ!"

ደላላው ሳቁ መጣበት። ሐኪሟ ፈጥና ትራሱን ሆዱ ላይ አስያዘችው፤ ሳቁም ቁስሉን እየወጋ በከባድ ሳል አለቀ።

"ጎሽ! ይኸው ሳሉ!"

እሱ ግን ሐኪሟን አልሰማትም። በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን የምትጠርገውን ሚስቱን ነበር የሚያየው። እጇን ፈልጎ ያዘ።

"አይዞሽ፣ አልሞትም። አሞኝ ነው" አላት።