ማን ደፍሮ ጅራቱን የነከሰበት ክረምት

መጀመሪያ ያየሁት መዞሩን ነው። ክረምቱ እንደገባ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ውሻችን ማን ደፍሮ ከታሰረበት ግንድ ሥር በራሱ ላይ ይሽከረከራል። ጅራቱን ሊይዝ ነው። አይደርስበትም፣ ቆም ብሎ ያየዋል፣ ደግሞ ይጀምራል። የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ ይስቃሉ። ሁላችንንም ጨዋታ መሰለን።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ እንዲህ ያለ ውሻ ላላችሁ፣ ይልቁንም ውሻ ነክሷችሁ ዘመድ ጎረቤት መላ እያበዛ ለሚያስጨንቃችሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ። ንግግሬ ቢመርራችሁ ታገሡኝ፤ ንዴቴ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም።

ቤታችን ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ነበር። ዘመኑ የጣሊያን ነው። ባለቤቴ ጫካ ገብቷል፤ ሲሄድ መፀነሴን እሱም እኔም አላወቅንም። ሰው ሲጠይቀን "ለንግድ ጅማ ወርዷል" እንላለን። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔ፣ በትልቁ ቤት የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተሰማ፣ እና ውሻው ነን። ማን ደፍሮን ከቡችላነቱ ያሳደገው ባለቤቴ ነው። ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው፣ በአጥር የሚያልፍ ሁሉ ይስማው ብሎ።

በኛ ዘንድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ ያፈነውን ማታ ሮጦ፣ ጮኾ፣ አጥር ለአጥር ዞሮ ያወጣዋል። ጣሊያን ግን ማታ የሚዞሩ ወታደሮቹ እንዳይነከሱ፣ ተፈትቶ የተገኘ ውሻ ሁሉ ይገደላል አለ። ጋሼ ተሰማ ትእዛዙን ከሰሙ ወዲህ ውሻውን አንድም ቀን አልፈቱትም። ሰንሰለቱን አሳጠሩት። ድምፁ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ብለው ከጓሮው ግንድ ጋር አሰሩት። ሲጮኽ በዱላ ይሉታል።

"ጋሼ፣ ኧረ በግቢው ውስጥ እንኳን ትንሽ ይፈታ" ብላቸው፣ "አንቺ፣ ቤቱን ልታስፈጂው ነው?" ብለው ጮኹብኝ።

ፍርሃታቸውን እረዳለሁ። ማን ያልፈራ ነበር? ግን ነገራቸው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ። ጣሊያንን ቀና ብሎ ማየት ያቃተው ሰው፣ የታሰረ ውሻ ላይ ሲበረታ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ አንድ ቀን ጅራቱን ያዘው።

ነከሰው። ጮኸ። ጮኾ ደግሞ ነከሰው። ፀጉሩ አለቀ። ቆዳው ተላጠ። ጫፉ ጠቆረና ሸተተ። ዝንብ ወረረው። እሱ ይዞራል፣ ሰንሰለቱ ግንዱ ላይ እየተጠመጠመ ያንቀዋል፣ ተመልሶ በሌላ በኩል ይዞራል። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጥተው አዩና አማተቡ። "ይሄማ አብዷል። ራሱን የሚበላ ውሻ ምን ጤና አለው? ነገ እናንተን ነው" አሉ።

ሮብ ቀን ቁስሉን በጨው ውሃ ላጥብለት ተጠጋሁ። ዝም ብሎ ታጠበልኝ። በጨርቅ ልጠቀልልለት ስል ድንገት ወደ ጅራቱ ዞረ። እጄ መሀል ገባ። ጥርሱ አውራ ጣቴ ሥር ገባ። እኔ መሆኔን ሲያውቅ ወዲያው ለቀቀኝና ጆሮውን ጥሎ ተኛ። እኔ ግን ደሜን አየሁ።

ግቢው ተገለበጠብኝ። ጋሼ ተሰማ ፈረዱ። ውሻው ይገደላል፣ እኔ መድኃኒቱን እጠጣለሁ። መድኃኒት የሚሉት ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው የሚጠጣው ሥር ነው። የጠጣ ሰው ሲንፈራገጥ አይቻለሁ፤ በላይም በታችም ያስወጣል። ነፍሰ ጡር ከጠጣችው ፅንሱ አይተርፍም። ይህን ጋሼም እትዬ ዘነበችም ያውቃሉ።

"ልጄ፣ ልጅ ይተካል። አንቺ ነሽ የማትተኪው" አሉኝ እትዬ ዘነበች።

ለኔ አዝነው ነው፣ አይጠፋኝም። ግን ወይ ነዶ! ባሏ ይመለስ አይመለስ ለማታውቅ ሴት ልጅ ይተካል ይባላል? ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠራ አንድ አርመን ሐኪም ነበር፤ እሱን ሳላየው ምንም እንዳትነኩ ብዬ ለምኜ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄድኩ።

ሐኪሙ እጄን በሳሙና ደጋግሞ አጠበው፤ አዮዲን ሲያደርግበት ጥርሴን ነከስኩ። አማርኛው እንደኛው ነው።

"የምንፈራው ራቢያን፣ የውሻ እብደት በሽታውን ነው" አለኝ። "አንዴ ከጀመረ ማንም አያድንሽም። ሳይጀምር የሚሰጥ ክትባት አለ። እሱንም ጣሊያኖቹ ለነጮች ብቻ ነው የሚሰጡት። ለምኜ አላገኘሁም።"

ለነጮች ብቻ። የውሻ ጥርስ ነጭና ጥቁር ይለያል እንዴ?

"ውሻው ውሃ ይጠጣል?" አለኝ። ይጠጣል አልኩ። "ለሃጩ ይዝረበረባል? መንጋጋው ተንጠልጥሏል?" የለም አልኩ። "አንቺን ያውቅሻል?" ከሰው ሁሉ ለይቶ አልኩት። "ሲፈታስ ይዞራል?"

መዞር ከጀመረ ወዲህ ተፈትቶ አያውቅም አልኩት።

"እንግዲያው ስሚኝ" አለ። "እንዳትገድሉት። ራቢያ ያለበት ውሻ ሰው ከነከሰ በኋላ አይሰነብትም። የሚቀጥለውን እሑድ አልፎ፣ ሁለተኛውንም እሑድ እየበላ እየጠጣ ካየ፣ አንቺ ነጻ ነሽ። ከገደላችሁት ግን መቼም አታውቂም።"

ስመለስ ጋሼ ተሰማ ጓሮ ቆመዋል። በእጃቸው መጥረቢያ አለ። መድኃኒቱ በጣሳ ተከድኖ ደጃፌ ተቀምጧል።

አላናገርኳቸውም። በጎናቸው አልፌ ሰንሰለቱን ፈታሁ። ውሻውን በአንገቱ ይዤ ቤቴ አስገባሁ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ።

እሱና እኔ። አንዲት ክፍል። ቢያብድ የሚያብደው እኔ ላይ ነው። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ክፈቺ!" ይላሉ ጋሼ በሩን እየደበደቡ። "አንቺ ሴት፣ አንቺም አብደሻል? ካልከፈትሽ ወታደር ጠርቼ ነው የማስተኩስበት!"

"ይጥሩ ጋሼ!" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። "ይጥሩዋ! ውሻ ብቻ አይተው የሚመለሱ ይመስልዎታል? የዚህ ቤት ባል የት ሄደ ብለው ይጠይቁዎታል። ምን ብለው ሊመልሱ ነው?"

ድብደባው ቆመ። ቆይቶ ኮቴያቸው ሲርቅ ሰማሁ።

ማን ደፍሮ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ጅራቱን ያዘ። "ማን ደፍሮ!" ብዬ ጮኽኩ። ለቀቀውና አየኝ። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ክፍሉን ዞረው፣ አልጋ ሥር አሸተተ፣ የባለቤቴን አሮጌ ጋቢ አገኘና እላዩ ላይ ተጋደመ። ተኛ። በዚያ ክረምት ውሻው እንቅልፍ ወስዶት መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የፈራሁትን ፍርሃት አልደብቃችሁም። ውሃ ባቀረብኩለት ቁጥር ምላሱን አያለሁ። ሲያዛጋ መንጋጋውን አያለሁ። ስወጣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር እይዛለሁ። ጋሼ ተሰማ ሰላም አይሉኝም፣ እኔም አልላቸውም።

ሐኪሙ በሰጠኝ ፐርማንጋናት በሚሉት የቁስል ማጠቢያ ጅራቱን ጠዋትና ማታ እያጠብኩ በንጹሕ ጨርቅ እጠቀልልለታለሁ፤ ጋንግሪን ይዞት የበሰበሰው የጠቆረው ጫፍ ከጊዜ በኋላ ራሱ ተቆርጦ ወደቀና ከሥሩ ቀይ ሥጋ ወጣ። ቀን ቀን በረጅም ገመድ ይዤው ግቢውን አዞረዋለሁ፣ አጥር ለአጥር እያሸተተ ይሄዳል፣ ዝናብ ሲመጣም ተመልሰን ገብተን እኔ ጥጥ ስፈትል እሱ እግሬ ሥር ይጋደማል። መዞሩ በአንድ ጀምበር አልተወውም፤ ኮቴ ሲሰማ ወይም ሰንሰለት ሲንቃጨል ይጀምረው ነበር፣ ግን ስሙን ስጠራው ይተወዋል፣ እያደርም ሳልጠራው መተው ጀመረ።

ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ ስመለስ በሩ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ፍትፍቱን በላ፣ ውሃውን ጠጣ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ያን ጣሳ አንስቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ደፋሁት።

በኅዳር ሴት ልጅ ወለድኩ። ባለቤቴ አላያትም፤ ከገባበት ጫካ አልተመለሰም። ከሱ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ ልጅ ይተካል ያሉኝ በምን ይተኩልኝ ነበር?

ለልደታ ለማርያም ምስጋና ይግባት። ያ ሐኪም ነፍሱን ይማር፤ ሳያሾፍ ስለ አንድ ውሻ ውሃ መጠጣት የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። እናንተ ግን እንደኔ እሑድ አትቁጠሩ። እኔ የቆጠርኩት ስለከለከሉኝ ነው። ዛሬ ውሻ ሲነክሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ክትባቱን አሟልታችሁ ውሰዱ። ውሻውን አትግደሉት፤ ዘግታችሁ ጠብቁት። ውሻችሁ ጅራቱን ሲያሳድድ ካያችሁ ደግሞ፣ አትሳቁበት፣ ዱላም አታንሡበት፤ አስቀድማችሁ ሰንሰለቱን እዩ።

ጋሼ ተሰማ ቤቴ የገቡት በልጄ ክርስትና ዕለት ነው። ማን ደፍሮ በጎራዳ ጅራቱ ከልጅቱ አልጋ ሥር ተኝቷል። ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ ተኛ። ብዙ ቆመው አዩት።

"ለካስ አላበደም ነበር" አሉ።

"አላበደም ጋሼ" አልኳቸው። "ታስሮ ነው።"