ማሻአላህ የሚለው ስቲከር

ሥራዬ ማጣበቂያ መመርመር ነው። በብሎን ፋንታ በማጣበቂያ የተያያዙ ቀላል ብረቶች መኪና ሲጋጭ እንዳይበታተኑ እናጠናለን። ከዚህ ሥራ አንድ መጥፎ አመል ተርፎኛል፤ የተለጠፈ ነገር ካየሁ በጥፍሬ ካልሞከርኩት አይሆንልኝም።

በቅርቡ ከጭሮ ወደ በደሳ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ከመስታወቱ እስከ በሩ ቆርቆሮ ድረስ «ማሻአላህ» የሚል ሰፊ ስቲከር ተለጥፏል። ጫፉ ትንሽ ተነስቷል። ጥፍሬን ሰደድ አደረግኩ።

«ተው ልጄ፣ አትንካው» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት።

ለቃሉ ክብር ብለው መስሎኝ አፈርኩና እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸው ሲያንቀላፉ ግን አመሌ አሸነፈኝ፤ ስቲከሩን ላጥኩት።

መስታወቱ እንዳለ ወጥቶ ጭኔ ላይ አረፈ።

እናት ነፋሱ ሲመታቸው ነቁ። «ወላሂ ነግሬህ ነበር! መስታወቱን የያዘው እኮ እሱ ነው» አሉ ሻሻቸውን በእጃቸው እየያዙ።

ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ዞረ። ጭኔ ላይ ያለውን መስታወት አየ፤ ጣቴ ላይ የተንጠለጠለውን ስቲከርም አየ።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የታሪክ አስተማሪ ነኝ» አልኩት።