ለቅሶ የማይቀርበት መንደር

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የኑሮ ጌም እንሠራለን ስንል ሰው ይስቅብን ነበር። "ኑሮው አልበቃ ብሏችሁ ነው ደግሞ በኮምፒውተር የምትጨምሩት?" አለችን አንድ ቀን አከራያችን። እውነቷን ነው። በጌሙ ውስጥ የሚተኮስ ነገር የለም፤ ሰዎች ይነሳሉ፣ እንሰት ይፍቃሉ፣ ገበያ ይሄዳሉ፣ ይጋባሉ፣ ያረጃሉ። አለቀ። እኔ ኮዱን እጽፋለሁ፣ ጓደኛዬ ሰዎቹንና ቤቶቹን ይስላል። ስቱዲዮ የምንለው ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተርና መብራት በሄደ ቁጥር የሚጮህ አንድ ባትሪ ነበር።

የጌሙ የመጀመሪያ ክፍል ስለ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሁለተኛው ስለ አንድ ገበያ። ሁለቱንም ሰው አውርዶ ተጫወተና ረሳቸው። ሦስተኛው ሙሉ መንደር ሊሆን ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ጌም አሳታሚ "ሙከራውን ላኩልን፣ እናየዋለን" ብሎ ቀን ቆረጠልን። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ "ይኼ ካልሆነ እኔ በቃኝ፤ ማስተማር እገባለሁ" አለኝ። ቀልድ አልነበረበትም። እውነቱን ልናገርና፣ እኔን ያስፈራኝ የጌሙ መቅረት አልነበረም። ያለ እሱ እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ነው ያስፈራኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ከእሱ የበለጠ ያወራሁት ሰው የለም።

ታዲያ መንደሩ አለቀብን። ሰዉ አለቀ ማለቴ ነው! አንድ ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ለቅሶ እንዲቀመጥ አድርገን ነበር የሠራነው። ለምን ተባብለን እንኳ አናውቅም፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ነው? አንዲት አሮጊት ሞተች፣ መንደሩ በሙሉ ድንኳን ገባ። እንሰቱን የሚፍቅ ጠፋ፣ ከብቱን የሚያጠጣ ጠፋ። ሁለት ሰው በረሃብ ሞተ። ለእነሱም ለቅሶ ተቀመጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ድንኳን ውስጥ ቀረ፤ እሱም አልነሳ አለ። ጓደኛዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

"ሥራ ያለው ይቅር ብንልስ?" አልኩት።

"ኧረ ባክህ! ለቅሶ የሚቀር ማን ነው? የኛ ሰው ያየውና ይሰድበናል" አለኝ።

የለቅሶውን ቀን አሳጠርን፣ ጎተራውን ሞላን፣ እህል አበዛን። ወይ ፍንክች! መንደሩ ትንሽ ይቆይና ያልቃል።

ማስረከቢያው አራት ቀን ሲቀረው ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ጓደኛዬ ነው። ኦቶና ሆስፒታል ታመው ተኝተው የነበሩት እናቱ አርፈዋል። "ቀብሩ ነገ ነው፣ በዴሳ ከተማ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ" አለኝ። "እመጣለሁ" አልኩት። "እጠብቅሃለሁ" አለኝ።

አልሄድኩም። ሰበብ አልደረድርም፤ በዴሳ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ሚኒባስ ተይዞ በዚያው ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ግን ለእሱ የሚጠቅመው ሥራው ቢደርስለት ነው፣ ለቅሶ ነገም ይደረሳል አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ አልኩ። ደወልኩለት፤ አላነሳም። የቀብሩ ዕለት፣ ልክ ሰው ከመቃብር በሚመለስበት ሰዓት፣ አንዲት የኮድ መስመር ጻፍኩ፤ እጁ ላይ ሥራ ያለው ሰው ከለቅሶ ይቀራል። መንደሩ ዳነ። ሰዎቹ ይፍቃሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይበላሉ። ድንኳኑ ውስጥ የሟቿ አሮጊት ልጅ ብቻውን ተቀምጧል። እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላና፣ ተነስቼ አጨበጨብኩ።

በቀኑ ላክሁት። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ እናመሰግናለን፣ ለጊዜው አንፈልገውም ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በዴሳ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ድንኳኑ ፈርሷል። በር ላይ ታላቅ እህቱን አገኘኋት፤ አታውቀኝም። በወላይትኛ "ማን ልበል?" አለችኝ። "የሥራ ጓደኛው ነኝ፣ ከሶዶ" አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። "የቀብሩ ቀን መንገድ መንገዱን ሲያይ ነበር" አለች። በቁጣ አልተናገረችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓደኛዬ ወጥቶ አቀፈኝ፣ አስገባኝ፣ ምግብ አቀረበልኝ። "እግዚአብሔር ያጽናህ" አልኩት፤ ድምፄ ለራሴ አስጠላኝ። "አሜን" አለና "ተቀበሉን?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አልተቀበሉም።"

"አይዞህ" አለኝ።

እናቱን ከቀበረ ገና ሳምንቱ የሆነ ሰው እኔን አይዞህ አለኝ! የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት "ብላ እንጂ፣ ምንም አልበላህ" ብሎ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። እሱ አልበላም።

ስንወጣ "ሰኞ ትመጣለህ?" አልኩት። መልሱን የማላውቅ መስዬ።

"የማስተማሩን ሥራ ያዝኩት። ኮምፒውተሬን አንተ ተጠቀምበት" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቂም ፈለግሁ፤ የለም።

እስከ መንገዱ ሸኘኝና ሞተረኛ ጠራ። አምስት ዓመት ከአንድ ሳህን የበላን ሰዎች ነን፤ ሞተረኛውን "እንግዳዬ ነው፣ ቀስ ብለህ መናኸሪያ አድርስልኝ" አለው።