መቀናጆ የገባው ፓምፕ

የላሊበላን ውኃ ወደ ዳገቱ የምገፋው እኔ ነኝ። ከከተማው በታች፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ያለችው ቆርቆሮ ቤት የሥራ ቦታዬ ናት። ፓምፑን አስነሣለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ሲበላሽ እሰደባለሁ። ውኃው የሚወጣው በአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ወዳለው ታንከር ነው። ከታንከሩ አፍ አጠገብ አንድ ቀጭን ቱቦ ከጉብታው ጀርባ ወዳለው መንደር ይሄዳል። ታንከሩ እስከ አፉ ካልሞላ ወደዚያ ቱቦ ጠብታ አይገባም። አይሞላም ደግሞ፤ ከተማው እየቀደመ ይጨርሰዋል።

መንደሩ ግን የራሱ ትንሽ ፓምፕ ነበረው፤ ከምንጭ እየሳበ እዚያው ቅርብ ላለች ቦኖ የሚሰጥ። ምንጩ ከዓመት ዓመት ቀጠነና ከጥር በኋላ ጭቃ ብቻ ይተፋ ጀመር። የመንደሩ ቄስ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ቆርቆሮ ቤቴ የወረዱት ያኔ ነው።

«ልጄ፣ መቀናጆ እንግባ» አሉኝ።

በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው አንድ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያጣምዳል፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የሌላው። የነሱም ፓምፕ ከእኔው ጎን ተተክሎ በአንድ ቱቦ አብረው ቢገፉ ታንከሩ ይሞላል፣ ለመንደሩም ይተርፋል ነው ሐሳቡ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ነገሩ ደስ አለኝ። በሁለቱ ፓምፖች ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን አነበብኩና ደመርኩት። ዲፕሎማ ይዤ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደመርኩት!

ኮሌጅ ውስጥ የተማርኩትን አልረሳሁትም፤ አልተጠቀምኩበትም እንጂ። ፓምፕ ብቻውን ይህን ያህል ይሰጣል አይባልም። ቱቦውም እንደ ፓምፑ ሁሉ ስንት ውኃ በምን ያህል ግፊት እንደሚያልፍ የሚያሳይ የራሱ መስመር አለው። ወረቀት ላይ ሲሳል ከዜሮ አይነሣም፣ ከዳገቱ ከፍታ ነው የሚነሣው፤ አንዲት ጠብታ ለማውጣት እንኳ መጀመሪያ ያ ከፍታ መሸነፍ አለበት። ከዚያ ውኃው በበዛ ቁጥር ከቱቦው ግድግዳ ጋር ያለው ፍትጊያ ይብሳል። ውኃው እጥፍ ሲሆን ፍትጊያው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ መስመሩም ሽቅብ ይታጠፋል። ፓምፖቹ የሚሠሩት የነሱ መስመርና የቱቦው መስመር በሚገናኙበት ነጥብ ብቻ ነው። በእኛ አሮጌና ጠባብ ቱቦ እኩያ ፓምፖች እንኳ እጥፍ አይሰጡም። የመንደሩ ፓምፕ ደግሞ ለአጭር ዳገት የተሠራ ነው። የእኔው ብቻውን ቱቦው ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ያኛው በሙሉ ጉልበቱ ከሚደርስበት በላይ ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ እርሳስና ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበር።

የመንደሩ ወንዶች ፓምፑን በወሳንሳ ተሸክመው አወረዱት። ተከልነው፣ ቄሱ ባረኩት፣ ሁለቱንም አስነሣሁ። ቆጣሪው ከወትሮው ፈቀቅ አላለም። በነሱ ፓምፕ መውጫ ላይ ያለው፣ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቫልቭ ጨርሶ አልተከፈተም። ፓምፑ የያዛትን ውኃ እዚያው እያሽከረከረ ያፈላት ጀመር።

ያኔውኑ ማጥፋት ነበረብኝ። ቄሱ ግን በየጠዋቱ ከኪዳን መልስ ይወርዱና እጃቸውን ያሳርፉበታል።

«ሞቋል፤ እየለፋ ነው የኔ ጌታ» ይላሉ፣ የበሬ ጀርባ እንደሚዳብስ ሰው።

በመቀናጆ የሰውን በሬ አስቁሞ በራስ ብቻ ማረስ «ያንተ አይረባም» ማለት ነው። እሳቸውን እንዲህ ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አራት ቀን አስሮጥኩት። በአምስተኛው ቀን ምሳ በልቼ ስመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። ውስጡ ቀልጦ፣ ዘንጉ ተጣብቆ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፤ ሌላ ማንም አይደለም።

በማግስቱ ቄሱ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አሳረፉ። ቀዝቅዟል። እንባዬ ቀደመኝ።

«አታልቅሺ ልጄ፤ እግዜር ያመጣው ነው።»

አባ፣ እግዜር አይደለም፣ እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«በሬው ቀንበር ላይ ቢሞትበትም የሰውየው ማሳ ጦም አያድርም፤ የጓደኛው በሬ ያርስለታል። ያንቺው ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው እሱ ያደርስልናል።»

አያደርስም። ብቻውን ታንከሩን ሞልቶ አያውቅም፤ መጀመሪያውኑ የመጡትም ለዚሁ ነበር። እኔ ግን «እሺ፣ አባ» አልኳቸው።

መስመሮቹን የሣልኳቸው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ፤ ለማንም አላሳየሁትም። ምንጩ ክረምት ላይ አሁንም ትንሽ ውኃ ያወጣል፤ የሚስበው ፓምፕ ግን የለም። የመንደሩ ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ «አንቺ እያለሽልን» እያሉ ይመርቁኛል። ቄሱ ቦኖዋን በየሳምንቱ ያስጠርጋሉ አሉኝ፤ ውኃው ሲመጣ ቆሻሻ እንዳያገኘው።