ድንጋይ ማለስለስ የጀመርን ሰሞን

ወንድሜ ማሽኑን በአውቶቡስ የላከልኝ ቀን ቆቦ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ረዳቱ ካርቶኑን ከላይ እያወረደ «እናቴ፣ ምንድን ነው ያስጫንሽው? ወገቤ ተቆረጠ እኮ!» አለኝ። «የድንጋይ ማለስለሻ ነው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ድንጋይ? እንግዲህ አላህ ይርዳሽ» ብሎኝ ወደ ሌላው ጭነት ሄደ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ኦፓል የሚባለውን ዕንቁ ከሚያለሰልሱ ሰዎች ጋር ነው የሚሠራው። እነሱ ትልቅ ማሽን ሲያስመጡ ትንሿን አሮጌዋን ለምኖ ለእኔ ላካት። ለምን እንደላከልኝ ያውቃል። እኔ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ወንዝ ወርጄ ድንጋይ ስለቅም ነው ያደግኩት። ቀይ አለ፣ ማር የመሰለ አለ፣ እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ የተነባበረ አለ። ውሃ ውስጥ እያለ ልብ ይሰርቃል። ቤት ወስጄ ሲደርቅ ግን አፈር የመሰለ ጠጠር ይሆንብኛል። አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ እንኳ በዚህ ነገር እናደዳለሁ። እና ወንድሜ በስልክ «ይህቺ ማሽን እንደረጠበ ታስቀርልሻለች» ሲለኝ፣ መስፋት የጀመርኩትን ቀሚስ ጥዬ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ማሽኗን ስታዩዋት አታስፈራም። ከታች ሞተር ነው፤ ከላይ የሊጥ ሳህን የምታህል ወፍራም የፕላስቲክ ገንዳ። ሞተሩ ሲነሳ ገንዳው ይንቀጠቀጣል፤ ድንጋዮቹም ከዱቄት ጋር እየተሻሹ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ዱቄቱ የእህል እንዳይመስላችሁ፤ ብረት የሚሞርድ ጥቁር ዱቄት ነው። መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ የላመው፣ መጨረሻ ላይ ነጩ ማሳመሪያ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲታለፍ ድንጋዩንም ገንዳውንም አጥርቶ ማጠብ ነው። አንዲት የሻካራው ቅንጣት ከቀረች የኋለኛውን ድካም ሁሉ ትጭረዋለች። ዛሬ እጄ ለምዶታል፤ ያኔ ግን ማሽኗና እኔ እንደ ጣውንት ነበርን።

አባቴ አብሮኝ ነው የሚኖረው። ዓይኑ ከጠፋ ያኔ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ከሮቢት ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን የውሃ አባት ነበር። እኛ ቆላዎቹ የራሳችንን ዝናብ ብቻ ብንጠብቅ ስንት ጊዜ በራብ ባለቅን! ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ እኛ ይወርዳል፤ እሱን ጠልፈን ነው ማሽላችንን የምናጠጣው። ማን ቀድሞ ያጠጣል፣ ማን ተራውን ይጠብቃል የሚለው ፍርድ የውሃ አባት ነው። ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ ከልጅነቴ አንተ እያልኩት የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ጋ ከመጣ ወዲህ ግን ሥራው በግድግዳው ጥላ ተቀምጦ መቁጠሪያውን መቁጠር ሆነ። «እኔ እኮ ሸክም ሆንኩብሽ» ይለኛል። «ዝም በል አንተ ሽማግሌ!» እለዋለሁ። ይስቃል። በማግስቱም ያንኑ ይደግመዋል።

ድንጋይ ልንለቅም በባጃጅ ወንዝ የወረድን ቀን ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጫማውን አስወልቆኝ አሸዋውን በባዶ እግሩ ሲረግጥ ፊቱ በራ። እኔ አምጥቼ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ሁለቱን አጋጭቶ ጆሮውን ይጥላል። «ይሄ ቅርፍርፍ ነው፣ ጣይው። ይሄ ጨዋ ነው፣ ያዢው።» በኋላ ወንድሜ እንደነገረኝ ትክክል ነበር፤ ለስላሳውና ጠንካራው አንድ ላይ ከገባ ለስላሳው ያልቃል፣ ሌላውንም ያበላሻል። ባለባጃጁ ድንጋይ የሞላበትን ማዳበሪያ ሲያነሳ «እናቴ፣ ቆቦ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» አለኝ። «ጨዋ ድንጋይ ጠፍቷል» አልኩት፤ አባቴ እስከ ቤት ድረስ ሳቀ።

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነው፣ አልክድም። ወንድሜ በስልክ አንድ በአንድ ነግሮኛል። «ገንዳውን ወደ አፉ እስኪጠጋ ሙዪው። ትልቁንና ትንሹን ቀላቅይ። ዱቄቱ በማንኪያ ነው። ውሃው ግን አደራሽን! ይርጠብ እንጂ አይዋኝ።» ሰማሁት፤ እሺ አልኩ። ግን ቆላ ተወልዶ፣ ውሃ አግኝቶ በማንኪያ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ጎርፍ ሲመጣ ማሳውን እስኪጠግብ ማጠጣት ነው፤ ነገ ላይመጣ ይችላል። አንድ ጆግ ሙሉ ገለበጥኩበት። ማሽኗ ስትነሳ ድንጋዩ ተንኳኳ፣ ተንጫጫ። ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ «ወፍጮ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ተንጫጭቶ ስከፍተው ድንጋዩ እንደገባ ወጣ፤ ዱቄቱ ሁሉ በውሃው ታጥቦ ታች ተኝቷል። የረባ ነገር ቢኖር ድንጋዩ ንጹሕ ነበር።

ለሁለተኛው ግን ተጠነቀቅኩ። ልብስ ስተኩስ የምረጭበትን ጠርሙስ አምጥቼ ፊስ፣ ፊስ አድርጌ አቆምኩ። አሁን ማሽኗ አትንጫጫም፤ ጭቃው ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ድምፁ ታፈነ፣ ውስጥ ውስጡን እም… ይላል። ደስ ብሎኝ ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ግን ከውጭ ሰማሁት፤ ይንጫጫል። ከፈትኩ፤ ዋኝቷል። አጥልዬ፣ ዱቄት ጨምሬ እንደገና አስነሳሁ። በማግስቱም ያው! በሦስተኛውም ቀን ያው! ለወንድሜ ደወልኩ። «ቆርቆሮ ነው የላክህልኝ!» «ውሃ አብዝተሽ ነው እኮ፣ እህቴ።» «በመርጫ ነው የረጨሁት እያልኩህ!» ማሽን ያልበዋል ወይ ብዬ እስከመጠየቅ ደረስኩ። እሱ ሲስቅ ስልኩን ዘጋሁበት። ከሻካራው ዱቄት የቀረኝ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሜትሬን ረስቼ እኩለ ቀን ላይ ተመለስኩ። አባቴ ማሽኗ አጠገብ ቆሟል። አንድ እጁ የገንዳው ጠርዝ ላይ ነው፤ በሌላው የቲማቲም ጣሳ ይዟል። ለተጠማች ጥጃ እንደሚያጠጣ ሰው ቀስ አድርጎ እያፈሰሰ «ጠጪ፣ ጠጪ የኔ እናት» ይላታል።

ያን ጊዜ ስቄ ቢሆን ኖሮ! አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ያን ጊዜ ግን የሦስት ቀን ንዴት አናቴ ላይ ወጣና «አንተ ሰውዬ! የማታየውን ነገር ምን ያስነካሃል?» ብዬ ጮህኩበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል ከየት አባቱ።

ጣሳውን መሬቱን በእጁ ፈልጎ አስቀመጠ። «ስታቃስት ሰማኋት» አለ ቀስ ብሎ። «የጠማው ነገር ድምፁን አውቃለሁ ብዬ ነው። ውሃ ሲደርሳት ነፍስ ትዘራ ነበር።» ለካ ያ የታፈነው ደህና ድምፅ ለእሱ የጥም ድምፅ ነው፤ ጫጫታው ደግሞ የጥጋብ። ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ጥላው ተመለሰ። ያን ቀን እራት «ጠግቤያለሁ» አለኝ።

ጠዋት ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አገኘሁት። «ለባለባጃጁ ደውይለት። ነገ ወደ መንደር ያድርሰኝ።»

«እዚያ ማን አለህ?»

«ቤቴ አለ።»

እናቴ ሞታ እሱ እኔ ጋ ከመጣ ወዲህ ቤቱ ሰው አልገባበትም፤ ጣሪያው ጎብጧል። ዓይን የሌለው ሰው እዚያ ብቻውን ከገባ እንደማይከርም እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ፈራሁ። የውሃ አባት አንዴ ከፈረደ ደግሞ ፍርዱን አይመልስም፤ ዕድሜ ልኩን ሲፈርድ አይቼዋለሁ። ሻይ በስኳር አጥግቤ አቀረብኩለት። መርፌዬን ሳልለቅ «ትናንት ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። የአባቴ እሺ ከእምቢታው ይከፋል። የምችለው ሲያልቅብኝ ደወልኩለት፤ ባለባጃጁ ነገ በማለዳ እመጣለሁ አለ።

ጎረቤቴ ከአላማጣ ወዲያ ከትግራይ የመጣች ነጋዴ ናት፤ እሷ ክርስቲያን እኔ እስላም፣ ለምክር ግን አጥር የለንም። ነገሩን ስነግራት እጇን አጨበጨበች። «ውይ በማርያም! አባትሽን እንዲህ ተናግረሽ በሻይ ልትታረቂ? ድንጋይ ተሸከሚ እንጂ! ግቢሽ ድንጋይ ሞልቶ!» መጀመሪያ ተቆጣኋት። እኔን የሚያህል ሴትዮ ድንጋይ ተሸክሜ ልንበርከክ? ግን ወጉ ይኸው ነው፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ የተበደለው አውርድ እስኪለው አያወርድም። ሰው የገደለ ሰው እንኳ በዚህ ይታረቃል፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?

አስር ሰዓት ግድም ጓሮ ገባሁ። መጀመሪያ ያነሳሁት ከገንዳው አንዲት እንቁላል የምታህል ድንጋይ ነው። አያይ፣ ምን ያውቃል ብዬ። ወዲያው ይህን በማሰቤ ፊቴ ጋለ፤ ከትናንቱ ንግግሬ በምን ይሻላል? ወረወርኳትና የጓሮውን በር የማስደግፍበትን ትልቁን ድንጋይ በሁለት እጄ አነሳሁ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ ድምፅሽ ከመሬት ይመጣል?»

«ድንጋይ ተሸክሜ ነው፣ አባዬ። አፉ በለኝ፣ ማረኝ።»

እጁ በአየር ላይ ፈለገኝ፤ ሻሼን አገኘ፣ ከዚያ ድንጋዩን። ዙሪያውን ዳሰሰው፤ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው። «ይሄማ ቅርፍርፍ ነው» አለ፤ «ለማሽኑ አይሆንም።»

«ለማሽኑ አይደለም፣ ለአንተ ነው!» አልኩት። ሳቄና እንባዬ ተቀላቀለብኝ።

እሱ ግን አልሳቀም። ድንጋዩን ከፍ ሊያደርገው ሞከረና ተወው። «ይከብዳል» አለ።

«ይከብዳል።»

«ከእኔና ከእሱ ማን ይከብዳል? እውነቱን ንገሪኝ፤ እንዳትዋሺኝ።»

መዋሸት ቀላል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እጁን ይዤ ሽንት ቤት የወሰድኩት፣ እሱን ለማን ጥዬ ብዬ የቀረሁበት ሠርግና ለቅሶ፣ ያረረብኝ ወጥ፣ ሁሉም ፊቴ ላይ መጣ።

«አንተ» አልኩት። «አንተ ትከብዳለህ። በጣም ነው የምትከብደው። ግን ይሄን ድንጋይ አውርጂ ብትለኝ አወርደዋለሁ። አንተን ግን ራስህ አውርጂኝ ብትለኝም አላወርድህም።»

በሁለት እጁ ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሳና አጠገቡ አስቀመጠው። «አፉ ብያለሁ» አለኝ። ከዚያ መዳፉን አናቴ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁትም፣ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

መሄዱን ስለመተው ግን አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ማለዳ ተነስቼ የመጨረሻውን ሻካራ ዱቄት ድንጋዩ ላይ በተንኩት። ውሃው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «አባዬ፣ ጎርፉ አልፎ ማሳ ላይ የሚቀረውን ደለል ታውቃለህ? እግር የሚይዘውን?» አልኩት። «ማሽኗ እሱን ነው የምትፈልገው። ውሃውን አይደለም።»

«ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም ነበር?» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ማሽኗን ሳላስነሳ ሁለት እጁን ድንጋዩ ውስጥ ሰደደ። ውሃውን በጣቱ ጫፍ እየነከረ ያንጠባጥባል፣ ያሻል፣ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ «ገና» ይላል፣ ደግሞ ያንጠባጥባል። ውጭ ባጃጁ ደረሰና ጡሩምባውን ነፋ። እኔ ቆሜ እጁን አያለሁ። ባለባጃጁ ደግሞ ነፋ፤ በሩንም አንኳኳ።

አባቴ ቀና እንኳ አላለም። «ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው? ሂጂ፣ ሥራ ላይ ነው በይው» አለኝ።