የዘር ድንቹ የታመመበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ከጫግኒ ሲመለስ የኒም ሳሙና ገዝቶልኝ መጣ። ወረቀቱን ገልጬ ሳሸተው የነጭ ሽንኩርት ሽታም አብሮ መጣብኝ። ሳሙናው ውስጥ ሽንኩርት የለም፤ በእኔ አፍንጫ ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን አባቴ በዘር ድንቹ የታወቀ ሰው ነበር፤ አገሩ ሁሉ ከእሱ እየወሰደ ይተክል ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ግን የድንቹ ቅጠል ወደ ላይ ይጠቀለል፣ በቢጫም ይዥጎረጎር ጀመር። ገልበጥ ስናደርገው ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ከሥሩ ተጣብቀዋል።

የግብርና ባለሙያዋ መጥታ ማሳውን ዞራ አየችው።

"አባባ፣ ይህ ቫይረስ ነው። አንዴ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። የታመመውን ይንቀሉና ያቃጥሉት። ጤነኛውን የኒም ጭማቂ ይርጩት፤ ክሽክሾቹ ከሸሹ ምናልባት አይዛመት ይሆናል።"

"አበባ ያወጣ ድንች ንቀል ትይኛለሽ፣ ልጄ?" አላት አባቴ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

መርጨቱን ተቀበለ፤ ለመንቀል ግን አንጀቱ አልቻለም። ኒም በእኛ ብርድ ስለማይበቅል ቅጠሉ ከጫግኒ በእርጥብ ጆንያ ተጭኖ ይመጣልን ነበር። እኔና እናቴ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠን፣ ውሃ ውስጥ አሳድረን፣ በአሮጌ ነጠላ እናጠለዋለን። ሽታው ከልብሴ አልለቅ ብሎ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ፊቷን ታዞር ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል አባቴ መርጫውን አዝሎ ይወጣል።

ክሽክሾቹ በእርግጥ ቀነሱ። "አየሽ፣ ቀና እያለ ነው" ይላታል እናቴን። "አዎ፣ ቀና ብሏል" ትለዋለች። እኔ ቀና ያለ ቅጠል አላየሁም።

ሲቆፈር አብዛኛው ድንች የዶሮ እንቁላል እንኳ አያክልም ነበር። "አዘና ገበያ ወስደህ ለዘር ሽጠው፤ ማን ያውቅብሃል?" ያለው ዘመድ ነበር።

ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጎረቤታችን እንደ ወትሮዋ ጆንያ ይዛ መጣች።

"ዘንድሮ ከእኔ ዘር አትወስጂም" አላት።

"ምን በደልሁዎ?"

አባቴ ትንሽ ድንች አንስቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። "በሽታው ከዘሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ለወጥ ውሰጂ፣ አይጎዳም። ከተከልሽው ግን ማሳሽን አበላሽብሻለሁ።" ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

በዓመቱ ማሳችን ገብስ ተዘራበት፤ ሰውም ዘሩን ከሌላ ቦታ አመጣ። የድንች ተከላ በተጀመረበት ጠዋት አባቴ ዱካ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አህዮቻቸውን ዘር የጫኑ ሰዎች ሰላምታ እየሰጡት ያልፋሉ። እሱም ለእያንዳንዱ ከመቀመጫው ብድግ እያለ "እግዜር ያብቅልላችሁ" ይላል።

እናቴ ከጓዳ ሆና ጥቂት አየችው። ከዚያ ሌላ ዱካ ይዛ ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። የጋቢዋን እኩሌታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።