አጎቴ ለእኔ ብቻ ያሳዩኝ ቅጠል

አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ወደ ጥርባ ሐይቅ ይወስዱን ነበር። አበባ እንለቅምና ባለቀ ደብተር መሀል ዘርግተን ከገብስ ጆንያ ሥር እናስተኛዋለን። ሲደርቅ ስሙን በአዊኛም በአማርኛም ያስጽፉናል። ስሙን ሳይጠይቅ የቀጠፈ ልጅ ያን ቀን ምንም አይጽፍም።

የእባብ መድኃኒት ያውቁ ስለነበር የተነደፈ ሰው ከሩቅ ቀበሌ ይመጣላቸዋል። ቅጠሉን ግን ለማንም አያሳዩም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ግን ከአጥር ሥር አንድ ቅጠል ቆርጠው ሰጡኝ።

«ይሄ ነው። ለእናትህም እንዳትነግር።»

በደብተሬ መሀል አደረቅሁት፤ ስድስት ዓመት ሙሉም ያን ደብተር ከሰው ደበቅሁ። ግጥም መጻፍ የጀመርሁትም ስለዚያ ቅጠል ነው።

በአርባቸው ዕለት ደብተሩን ለባለቤታቸው ገለጥሁላቸው። እያለቀሱ ሳቁ።

«ውይ ልጄ፣ አንተንም? ይሄንማ ለነዘነዘው ልጅ ሁሉ ነበር የሚያሳየው። የበግ መኖ ነው እኮ!»

«እውነተኛውንስ ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ከተነገረ አይሠራም ይል ነበር።»

ከትናንት በስቲያ አንድ አባት እባብ የነደፈውን ልጁን አዝሎ ከደጃቸው ደረሰ። መሞታቸውን አልሰማም ነበር።

«የወንድማቸው ልጅ አንተ ነህ አሉኝ። እባክህ!» አለኝ።

ባጃጅ ጠርቼ ወደ ሆስፒታል ሸኘኋቸው። ከዚያ በተዘጋው በራቸው ፊት ብዙ ቆምሁ።

አጎቴ፣ ያኔ «አልነግርህም» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ለእርስዎ ብቻ ባለቀስሁ ነበር።